የብሔራዊ ቡድን ዋና አሰልጣኝ እንዴት ይመረጣል?

አሰልጣኝ በተሰናበተ ማግስት ስም ይዘንባል። ጋዜጠኛው አንዱን ይጠራል፣ ደጋፊው ሌላውን፣ ወኪሎች ደግሞ ሲቪ ይልካሉ። የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ግን ስም ከማንሳቱ በፊት የሚጨርሰው ሥራ አለው።

መጀመሪያ የሚፈለገው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይወሰን። ብሔራዊ ቡድን ክለብ አይደለም። የክለብ አሰልጣኝ ተጫዋቾቹን በየቀኑ ያገኛል፤ የጎደለውንም ገዝቶ ይሞላል። የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ግን በፊፋ የጨዋታ ቀናት ለአስር ቀን ገደማ ያገኛቸዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጨዋታ ያደርጋል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየክለቡ ይበተናል። ጥሩ ግራ ተመላላሽ ከሌለው ባለው መላ መፍጠር ነው እንጂ ገበያ አይወጣም። ስለዚህ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ያሉን ተጫዋቾች እነማን ናቸው? ዕድሜያቸውስ? የምንፈልገው ቀጣዩን ማጣሪያ ማለፍ ነው ወይስ ለዓመታት የሚዘልቅ ቡድን መሥራት? መልሱ «ሁለቱም» ከሆነ ገና አልተወሰነም ማለት ነው።

መራጮቹ ሦስት ወይም አምስት ሰው ቢሆኑ ይበቃል። የቴክኒክ ዳይሬክተሩ፣ በዚህ ደረጃ የተጫወተ ወይም ያሰለጠነ ሰው፣ ውልና ገንዘብ የሚገባው ሰው ይኑሩበት። ኮሚቴው ሲበዛ ምስጢር ይሾልካል። እምቢ ያለው ሰው ስም ከወጣ ደግሞ የሚሾመው «ሁለተኛ ምርጫ» እየተባለ ነው ሥራ የሚጀምረው።

አሁን ስም ይሰብሰብ። የአገር ልጅ ወይስ የውጭ ዜጋ? ይሄ ክርክር ማለቂያ የለውም። እስከ 2022 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የዓለም ዋንጫን ያነሱ ቡድኖች በሙሉ የሰለጠኑት በራሳቸው ዜጋ ነው። ግሪክ ግን በ2004 የአውሮፓ ዋንጫን የወሰደችው በጀርመናዊው ኦቶ ሬሃገል ነው። ፈረንሳዊው ሄርቬ ሬናርድም በ2012 ዛምቢያን፣ በ2015 ኮትዲቯርን የአፍሪካ ሻምፒዮን አድርጓል። በእኔ እምነት ፓስፖርቱን ትቶ የሥራውን ዓይነት ማየት ይሻላል። እቤት ውስጥ ያለውን ሰው መዝለል ደግሞ የተለመደ ስህተት ነው። ዮአኪም ሎው በጀርመን የየርገን ክሊንስማን ምክትል ነበር፤ በ2006 ዋና ሆኖ በ2014 የዓለም ዋንጫን አነሳ። ሊዮኔል ስካሎኒም በ2018 አርጀንቲናን የያዘው በጊዜያዊነት ነው። በ2021 ኮፓ አሜሪካን፣ በ2022 የዓለም ዋንጫን ወሰደ።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ቃለ መጠይቁ ነው። እዚህ ላይ ፍልስፍና ሲወራ ሰዓቱ ይባክናል። «የማጥቃት እግር ኳስ እወዳለሁ» የማይል አሰልጣኝ የለም። ይልቅ ወረቀትና እስክሪብቶ ስጡና እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ተጫዋቾች ሰኞ ማታ ከየአገሩ ገቡ። አምስቱ እሁድ ሙሉ 90 ደቂቃ ተጫውተዋል። ሁለቱ በክለባቸው ወር ሙሉ ተቀያሪ ወንበር ላይ ናቸው። አንዱ በረራ አምልጦት ማክሰኞ ማታ ነው የሚደርሰው። ጨዋታው ሐሙስ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ምን ያሠራሉ? ረቡዕስ?»

ሥራው የገባው ሰው ወዲያው ተጫዋቾቹን ይከፋፍላል። እሁድ የተጫወቱትን ቀለል ባለ ልምምድ ያፍታታል፣ ያልተጫወቱትን ጠንከር አድርጎ ያሠራል። ረቡዕ የቆሙ ኳሶችንና የመከላከል አቋቋምን ያያል፤ የቀረውን በቪዲዮ ያስረዳል። ዘግይቶ ስለመጣውም ልጅ አይረሳም። ሌላው ደግሞ ክለብ ውስጥ በስድስት ሳምንት የሚሠራ ዕቅድ ይዘረዝርላችኋል። ጎበዝ አሰልጣኝ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ወንበር ግን አይሆንም።

ስለ ሰውየው ስታጣሩ ከኮከቦቹ ይልቅ ተቀያሪ ወንበር ላይ ያስቀመጣቸውን ልጆች ጠይቁ። ያልተሰለፈ ተጫዋች አሁንም በደህና ካነሳው ትልቅ ነገር ነው። የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ በየጊዜው የሚያስከፋው ሰው ብዙ ነውና።

ውሉ ላይ ቸል የሚባለው መውጫው ነው። በ2018 ስፔን ሁሌን ሎፔቴጊን ያሰናበተችው በዓለም ዋንጫው ከመጀመሪያ ጨዋታዋ ሁለት ቀን ቀደም ብላ ነው፤ ሪያል ማድሪድ ከውድድሩ በኋላ እንደሚረከበው ይፋ አድርጎ ነበር። ፈርናንዶ ሂዬሮ በጥድፊያ ተተካ፤ ቡድኑም በጥሎ ማለፉ በሩሲያ ቡድን በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈ። ስለዚህ ክለብ ቢፈልገው መቼ መነጋገር እንደሚችል፣ ለማን ቀድሞ እንደሚያሳውቅ፣ ካሳው ስንት እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ቢባረርስ? ያም ይጻፍ። ረዳቶቹን ማን እንደሚመርጥና በተጫዋች ምርጫ ማንም ጣልቃ እንደማይገባ በቃል ብቻ አይቅር።

በመጨረሻ ጊዜው። ከትልቅ ውድድር ማግስት ቢሾም ይመረጣል። በእርግጥ ዘግይቶ ሾሞም የተሳካለት አለ። ሞሮኮ በነሐሴ 2022 ዋሊድ ሬግራጊን ሾማ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳለች። ኮትዲቯር ደግሞ በ2024 መጀመሪያ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ከምድብ ጨዋታዎች በኋላ አሰልጣኟን አሰናብታ በኤመርስ ፋዬ ዋንጫውን በልታለች። ግን ይህን ዕቅድ ብሎ የሚይዝ ፌዴሬሽን እንዳይኖር። ሹመቱ እንደተነገረ የሕክምና መረጃው፣ የጨዋታ ቪዲዮዎቹና የተጫዋቾች ስልክ በአንድ ቀን ይሰጡት፤ እሱም በዚያው ሳምንት ክለቦቹ ጋር መደወል ይጀምር።