በአንድ ሌሊት የሚተነፍስ የትምህርት ቤት ኳስ
ከኮምቦልቻ ተጭነው ለደሴ ትምህርት ቤቶች የተከፋፈሉ ቁጥር 4 ኳሶች ማታ ድንጋይ የመሰሉት ጠዋት ተንፍሰው ይገኙ ነበር። ፍለጋው አራት ቀን በላ።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ነው። ስህተት! ከፍታ ሲጨምር የውጪው አየር ስለሚሳሳ ኳሱ ይጠጥራል እንጂ አይለሰልስም። ደጋግሞ መንፋትም አልረዳም። ሙሉውን ኳስ ሳፋ ውስጥ መድፈቅ ደግሞ ያሳስታል፤ ከካላማዳሪው (አየር ከሚይዘው የውስጥ ጎማ) ያመለጠው አየር በስፌቱ ስለሚወጣ ቀዳዳው እዚያ ይመስላል። ከሁሉ የከፋው ቫልቩን (አየር የሚሞላበትን ቀዳዳ) በሱፐር ግሉ መድፈን ነው፤ ሙጫው ሲደርቅ የመንፊያው መርፌ ዳግም አይገባም።

የሠራው ይኸው፦ ቫልቩ ላይ ብቻ የሳሙና ውሃ ጠብ አደረግን። አረፋው እዚያው ኩፍ አለ። ደረቅ መርፌ የቫልቩን ጎማ ፍቆታል ማለት ነው። ከፋርማሲ የተገዛ ግሊሰሪን 3 ጠብታ የቫልቩ ቀዳዳ ውስጥ ጨምሮ፣ መርፌውንም ቀብቶ፣ ቀስ እያሉ 5 ጊዜ ማስገባትና ማውጣት። 10 ደቂቃ ማቆየት። ከዚያ በጌጅ (በአየር ግፊት መለኪያ) እየለኩ እስከ 0.8 ባር መንፋት።

ቫዝሊን አይሞከር፣ ጎማ ይበላል። አረፋው አሁንም ካልቆመ ቫልቩ ተቀዷል፤ ካላማዳሪው ይቀየር።