በባቡር ፓስ ከፓሪስ ወደ ጄኔቫ፦ ወንበር ማስያዝ ሲያቅተኝ ያገኘሁት መፍትሔ

በብዙ የአውሮፓ አገሮች ባቡር የሚያሳፍር፣ በ1 ወር ውስጥ ለ4 የጉዞ ቀናት የሚያገለግል የኢንተርሬይል ፓስ ይዤ፣ ከፓሪስ ወደ ጄኔቫ ለመሄድ ሦስት ቀን ተቸግሬ ነበር። በቀጥታ የሚሄደው ፈጣን ባቡር ፓስ የያዘ ሰውም ቢሆን ተጨማሪ ከፍሎ ወንበር እንዲያስይዝ ያስገድዳል፤ ለፓስ የሚመደበው ወንበር ደግሞ የተወሰነ በመሆኑ፣ መደበኛ ቲኬት እየተሸጠ እንኳ ለእኔ የሚሰጠኝ መልስ «ቦታ የለም» የሚል ብቻ ነበር።

ሰዓቱን ቀየርኩ፣ ቀኑን ገፋሁ፣ ጣቢያው ድረስ ሄጄም በመስኮት ጠየቅሁ፤ ምንም ለውጥ አላገኘሁም። ሙሉ ዋጋ ከፍዬ ብሄድ ደግሞ ፓሱን መግዛቴ ትርጉም ያጣ ነበር።

መፍትሔውን ያገኘሁት ሬይል ፕላነር በተባለው የፓሱ መተግበሪያ ውስጥ ነው። በጉዞ ፍለጋው ላይ ወንበር ማስያዝ ግዴታ የሆነባቸውን ባቡሮች የሚያስቀር ማጣሪያ አለ። እሱን አብርቼ፣ ጉዞውንም ሊዮን ላይ ለሁለት ከፍዬ ስፈልግ፣ ቴኧር የሚባሉት የክልል ባቡሮች ወጡልኝ፦ መጀመሪያ ከፓሪስ ቤርሲ በዲዦን በኩል እስከ ሊዮን፣ ከዚያም ከሊዮን ጄኔቫ። መነሻው ቤርሲ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ፈጣኑ ባቡር ከሚነሳበት የፓሪስ ጣቢያ ከጋር ደ ሊዮን በእግር የሚደረስ ቢሆንም ሌላ ጣቢያ ነው። መንገዱ ከፈጣኑ ባቡር ከእጥፍ በላይ ጊዜ ይወስዳል፣ ለወንበር ግን ምንም አልከፈልኩም።

ሁለቱም ባቡሮች በአንድ ቀን ውስጥ ስለሆኑ የተቆጠረብኝ አንድ የጉዞ ቀን ብቻ ነው። ከመሳፈሬ በፊት ሁለቱንም ጉዞዎች በመተግበሪያው ከፓሱ ጋር አገናኘሁ፤ ተቆጣጣሪው የሚያነበው ኪውአር ኮድ የሚወጣው ይህ ከተደረገ በኋላ ነው።