የፊዚክስ ፍላሽ ካርድ ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፎርሙላ ሁሉ በቃሉ የሚወጣለት፣ ጥያቄው ሲቀርብለት ግን የትኛውን እንደሚያነሳ ግራ የሚገባው ተማሪ በየክፍሉ አለ። ብዙ ጊዜ ካርድ ሳይሠራ ቀርቶ አይደለም፤ እንዲያውም ቤቱ የጫማ ካርቶን ሙሉ ካርድ ይኖረዋል። ችግሩ ካርዱ ላይ የሰፈረው ነገር ነው። የታሪክ ካርድ «መቼ ሆነ? ማን ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ይበቃዋል። የፊዚክስ ካርድ ግን «ይህ መቼ ይሠራል? መቼ አይሠራም? ከየት ልጀምር?» ማለት አለበት። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ መነሻቸው ይኸው ነው።

ደብተርን ወደ ካርድ መገልበጥ

አንድ የኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ አጥፋችሁ ብትቆርጡት 8 ካርድ ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ በግምት 7 በ10 ሴንቲ ሜትር ነው። ጠባብነቱ ጥቅም አለው፤ አንድ ጥያቄ ብቻ እንድትጽፉ ያስገድዳችኋል። ብዙዎች ግን ፊደሉን አሳንሰው የመጽሐፉን አንቀጽ ሙሉውን ይጠቀጥቁበታል።

ፊቱ ላይ «የኒውተን ሕጎች» ተብሎ ጀርባው ላይ ሦስቱም የተዘረዘሩበት ካርድ የዚህ ምሳሌ ነው። ሁለቱን አስታውሶ ሦስተኛውን የሳተ ተማሪ «ደህና ነኝ» ብሎ ያልፈዋል። ይህን ካርድ አምስት ስድስት ቦታ ከፋፍሉት። ለሁለተኛው ሕግ ለምሳሌ፦ «ማሱ 4 ኪሎ ግራም የሆነ ዕቃ ላይ የ12 ኒውተን ኔት ፎርስ ቢያርፍበት አክስለሬሽኑ ስንት ነው?» መልሱ 3 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው። ለሦስተኛው ሕግ ደግሞ ተማሪ የሚሳሳትበትን ቦታ የሚነካ ጥያቄ ይሻላል፦ «መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የመጽሐፉ ክብደትና ጠረጴዛው ወደ ላይ የሚገፋበት ፎርስ የአክሽንና የሪአክሽን ጥንድ ናቸው?» አይደሉም። ሁለቱም የሚያርፉት በአንዱ መጽሐፍ ላይ ነው፤ የሦስተኛው ሕግ ጥንዶች ግን ምንጊዜም በሁለት የተለያዩ አካላት ላይ ነው የሚያርፉት። መሬት መጽሐፉን ትስባለች፤ የዚህ ጥንድ መጽሐፉ መሬትን የሚስብበት ፎርስ ነው።

ስለ ወረቀቱ አንድ ነገር፦ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ስስ ስለሆነ በማርከር ከተጻፈበት መልሱ ከጀርባ ይታያል። እርሳስ ወይም ተራ እስክሪብቶ ተጠቀሙ።

ፎርሙላን ያለ ሁኔታው መያዝ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በቀላል ምሳሌ እንየው። ካርዱ «ውሃ በስንት ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል?» ይላል፤ ጀርባው «100»። ይህን ካርድ የያዘ የሱሉልታ ወይም የቡራዩ ተማሪ እናቱ ቤት የጣደችው ውሃ በ100 ዲግሪ እንደማይፈላ ካርዱ አይነግረውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንጦጦን አልፎ ሱሉልታ ላይ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ሽምብራና ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚሉትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ፕሬዠር ኩከር ግፊቱን ከፍ አድርጎ ውሃው የሚፈላበትን ዲግሪ ይጨምራል። እንግዲህ «100» የሚለው መልስ ስህተት ሳይሆን ጎደሎ ነው፤ «በባሕር ወለል የአየር ግፊት» የሚለው ቀርቶበታል።

የፎርሙላ ካርዶችም እንዲሁ ናቸው። «የመጨረሻ ቬሎሲቲ = የመነሻ ቬሎሲቲ + አክስለሬሽን × ጊዜ» የሚለው የሚሠራው አክስለሬሽኑ ካልተለዋወጠ ብቻ ነው። ጥያቄው የቬሎሲቲና የጊዜ ግራፍ ሰጥቶ መስመሩ ጎብጦ ከሆነ ፎርሙላው አያዋጣም። የፔንዱለም ፔሪየድ (አንዴ ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ) ፎርሙላም አንግሉ ትንሽ ሲሆን ብቻ ነው ልክ የሚመጣው፤ ማስ ደግሞ ውስጡ የለም። ስለዚህ የፎርሙላ ካርድ ጀርባ ላይ አራት ነገር ይኑር፦ ፎርሙላው፣ እያንዳንዱ ምልክት ምን እንደሆነ ከነዩኒቱ፣ የሚሠራበት ሁኔታ፣ የማይሠራበት አንድ ምሳሌ። አራተኛውን መጻፍ ካቃታችሁ ፎርሙላው ገና አልገባችሁም ማለት ስለሆነ ወደ መጽሐፉ ተመለሱ።

ሌላም ጠቃሚ ካርድ አለ፤ ስለ ለውጥ የሚጠይቅ። «የፔንዱለሙ ክር ርዝመት አራት እጥፍ ቢሆን ፔሪየዱ ምን ይሆናል?» እጥፍ ይሆናል፤ ርዝመቱ ስኩዌር ሩት ውስጥ ስላለ። «የመኪና ፍጥነት እጥፍ ቢሆን ካይነቲክ ኢነርጂው?» አራት እጥፍ። ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ በመሆኑ እንዲህ ያለው አስተሳሰብ ብዙ ሒሳብ ያሳጥራል።

የጥያቄውን እንግሊዝኛ መዝለል

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናም እንዲሁ። ማብራሪያውን በአማርኛ መጻፍ ነውር የለውም፣ ይመከራልም። የካርዱ ፊት ግን ፈተናው በሚጠይቅበት ቋንቋ ይሁን። ሁሉንም በአማርኛ ያጠና ልጅ ፈተናው ላይ የሚቸገረው በፊዚክሱ ሳይሆን በአረፍተ ነገሩ ይሆናል።

ከዚህ በላይ ግን ለብቻቸው ካርድ የሚገባቸው ሐረጎች አሉ፤ ቁጥር ሳይጠሩ ቁጥር የሚሰጡ። «ፍሮም ሬስት» ካለ የመነሻ ቬሎሲቲው ዜሮ ነው። «ኮንስታንት ቬሎሲቲ» ካለ ኔት ፎርሱ ዜሮ ነው። «ስሙዝ ሰርፌስ» ካለ ፍሪክሽን እርሱት። «ላይት ስትሪንግ» ካለ የገመዱ ማስ አይቆጠርም። «ድሮፕድ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የመነሻ ቬሎሲቲው ዜሮ ነው፤ ወደ ላይ እየወጣ ካለ ባሉን ላይ ከተለቀቀ ግን ዕቃው የባሉኑን ቬሎሲቲ ይዞ ነው የሚለቀቀው፣ ትንሽ ወደ ላይ ከሄደ በኋላ ነው የሚወርደው። ይህን ልዩነት ካርዱ ላይ ካልጻፋችሁት ፈተና ላይ አይታወሳችሁም። ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን እያነበባችሁ እንዲህ ያሉትን ሐረጎች ብቻ አስምሩባቸው፤ ከአንድ ፈተና ብዙ ካርድ ይወጣል።

ቁጥሩን መሸምደድ

ማሱ 5 ኪሎ ግራም የሆነ ሣጥን 30 ዲግሪ ያዘነበለ ስሙዝ ፕሌን ላይ አለ፤ ግራቪቲን 10 ብለን ብንወስድ ቁልቁል የሚስበው ፎርስ ስንት ነው? መልሱ 25 ኒውተን። ካርዱን አራት ጊዜ ካያችሁት «25» የሚለውን እጃችሁ ሳያስብ ይጽፈዋል፤ አንግሉ 60 ሲሆን ግን ባዶ ትሆናላችሁ።

የሒሳብ ጥያቄ ካርድ ላይ ሲገባ መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ፊቱ ላይ ጥያቄውን ጻፉና ከሥሩ «ሥዕሉን ሣሉ፤ ፎርሶቹን ሰይሙ» በሉ። ጀርባው ላይ ሥዕሉ ይኑር፦ ክብደቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች 50 ኒውተን፣ ኖርማል ፎርሱ (ፕሌኑ ሣጥኑን የሚገፋበት) ለፕሌኑ ቀጥ ብሎ ወደ 43 ኒውተን፣ ቁልቁል የሚስበው 25። ብዙዎች ኖርማሉን ቀጥ አድርገው ወደ ሰማይ ይሥሉታል፤ ስህተቱ የሚጀምረውም እዚያው ነው። ሳይንና ኮሳይን የሚምታታባችሁ ከሆነ ካርዱ ጥግ ላይ ይህችን ጻፉ፦ «ፕሌኑ ጠፍጣፋ ቢሆን ቁልቁል የሚስብ ነገር አይኖርም፤ የዜሮ ሳይን ዜሮ ነው፣ ስለዚህ ቁልቁል የሚስበው ሳይን ነው»። ቁጥሮቹን በእርሳስ ጽፋችሁ በየሁለት ሳምንቱ ለውጧቸው።

ካርድ ግን ጥያቄ መሥራትን አይተካም። አንድ ሰዓት ካላችሁ 20 ደቂቃውን ለካርድ፣ 40ውን ወረቀት ላይ ሙሉ ጥያቄ ለመሥራት ስጡት።

ዩኒትን እንደ ጌጥ ማየት

ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሚኒባስ ፍሬን ይዞ በየሰከንዱ ፍጥነቱን በ4 ሜትር በሰከንድ ቢቀንስ ለመቆም ስንት ሜትር ይፈጅበታል? 72 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት 20 ሜትር በሰከንድ ነው። የ20 ስኩዌር 400፣ ለ8 (ለ2 × 4) ሲካፈል 50 ሜትር። 72ን ሳይቀይር ያስገባ ተማሪ 648 ሜትር ያገኛል፤ ታክሲው ፌርማታውን አልፎ ሌላ ሰፈር ገብቶ ቆመ ማለት ነው። ምርጫዎቹ ውስጥ 648 ብዙ ጊዜ ይኖራል፤ ፈታኙ ይህን ስህተት ያውቀዋል። «36፣ 54፣ 72፣ 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት በሜትር በሰከንድ?» የሚል አንድ ካርድ ይኑራችሁ፦ 10፣ 15፣ 20፣ 25። ይበቃል።

ሳይመልሱ መገልበጥ

ጥያቄውን አንብቦ ወዲያው ገልብጦ «አዎ፣ አውቀው ነበር» ማለት ማጥናት አይደለም። መልሱን ማወቅና መልሱን ሲያዩት መለየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ጽሑፍ አስነብበው ከፊሉን ደግመው እንዲያነቡ፣ ከፊሉን ሳያዩ እንዲጽፉ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ የጻፉት 56 በመቶ ሲያስታውሱ ያነበቡት 42 በመቶ ላይ ቀሩ። ደጋግሞ ማንበብ ሁሌም የሚያታልለው ለዚህ ነው፤ ዛሬ ማታ ጥሩ ስሜት ይሰጣል።

መልሱን ጻፉ ወይም ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩ፣ ከዚያ ግለጡ። «ወደ ላይ የተወረወረች ኳስ ጫፉ ላይ ስትደርስ አክስለሬሽኗ ስንት ነው?» ለሚለው ምላስ ቶሎ «ዜሮ» ይላል። ዜሮ የሆነው ቬሎሲቲዋ ነው፤ አክስለሬሽኗ ያኔም ወደ 10 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር፣ አቅጣጫው ወደ ታች ነው። ወረቀት ላይ «0» ብሎ የጻፈ ሰው ሲገለጥ መሳሳቱን መካድ አይችልም፤ በሐሳቡ ብቻ የመለሰ ግን ይክዳል።

በቅደም ተከተል መያዝ

ካርዶቹን በምዕራፍ አስሮ በዚያው ቅደም ተከተል ማየት ፍንጭ መስጠት ነው፤ ቀጣዩ ካርድ ስለ ሞመንተም መሆኑን ቀድማችሁ ካወቃችሁ ፎርሙላ የመምረጡን ሥራ ካርዱ ሠራላችሁ። ደባልቁት። ኤሌክትሪክ ሰርኪዩት፣ ፕሮጀክታይል፣ ሙቀት፣ ሁሉም አብረው ይምጡ።

ሁሉንም በየቀኑ ማየት

300 ካርድ በየማታው ማገላበጥ አይቻልም፤ በሦስተኛው ቀን ይተዋል። የሳይንስ ጸሐፊው ሰባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስተዋወቀው የሣጥን ዘዴ ይሻላል። የጫማ ካርቶኑን በአራት ክፈሉት። አዲስ ካርድ አንደኛው ክፍል ይገባል፣ በየቀኑ ይታያል። የተመለሰ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፣ በየሦስት ቀኑ። ቀጥሎ በሳምንት፣ ከዚያ በሁለት ሳምንት። የተሳሳታችሁት የትም ይሁን ወደ አንደኛው ይመለሳል፤ «አንድ ደረጃ ብቻ ልመልሰው» የሚል ርኅራኄ አያስፈልግም። አዲስ ካርድ በቀን ከ8 እስከ 10 ይብቃ።

የሰው ካርድ መልቀም

በቴሌግራም የሚዞሩ ፒዲኤፎችና የውጭ አገር ካርዶች ምልክታቸውም ምዕራፋቸውም ከእኛ መጽሐፍ ላይገጥም ይችላል፤ የመልስ ስህተትም አይታጣባቸውም። ካርዱን ራሳችሁ ስትሠሩት ነው ግማሹ ጥናት የሚያልቀው። ስልክ የምትመርጡ ከሆነ አንኪን የመሰለ መተግበሪያ ለአንድሮይድ በነፃ አለ፤ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ፎርሙላ በስልክ መተየብ ግን ጊዜ ይበላል፤ በእጅ የጻፋችሁትን ፎቶ አንስታችሁ አስገቡት። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ወረቀቱም አብሮ ይኑር።

የትኛው ካርድ የት እንደሚጠና አለመለየት

ከኮዬ ፈጬ ወይም ከአያት ማዶ ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለስ ተማሪ የታክሲ ሰልፍና መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ያጠፋል። ለሰልፍ የሚሆኑት የዩኒት፣ የሐረግና የ«ምን ይሆናል?» ካርዶች ናቸው፤ 15 ያህሉን በላስቲክ አስራችሁ ኪስ ውስጥ ያዙ፣ በክረምት በፌስታል ጠቅልሏቸው። ሥዕል የሚፈልጉትን ቤት ተዉአቸው፤ በተጨናነቀ ሚኒባስ ውስጥ ፎርስ አይሣልም፣ ሳትሥሉ ካለፋችኋቸው ደግሞ ከላይ ወዳልነው «አውቀው ነበር» ትገባላችሁ። ፈተናው ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው አዲስ ካርድ መሥራት አቁሙ፤ አንደኛው ክፍል ውስጥ የቀሩትን ብቻ አውጥታችሁ፣ እያንዳንዱ ለምን እንደተመለሰ ጀርባው ላይ በአንድ መስመር ጻፉበት።