ለቤት የሚሆን ትልቅ ባለ ጡሩንባ ስፒከር አመራረጥ

ትልቅ ባለ ጡሩንባ ስፒከር ለቤቱ የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ሜትር ይዞ ክፍሉን መለካት ነው፤ ርዝመቱንና ወርዱን፣ ስፒከሮቹ ከሚቆሙበት እስከ መቀመጫው ያለውን ርቀት፣ የማዕዘኖቹን ሁኔታ፣ የበሩንም ስፋት ጭምር። የበሩ ነገር ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ከእነዚህ ስፒከሮች አንዳንዶቹ ካልተፈታቱ በተራ በር አይገቡም።

ጡሩንባው ከድራይቨሩ፣ ማለትም ተርገብግቦ ድምፁን ከሚፈጥረው ክፍል፣ ፊት ተገጥሞ ከጠባብ ጉሮሮ ወደ ሰፊ አፍ እየተከፈተ የሚሄድ መተላለፊያ ነው። የድራይቨሩን ትንሽ እንቅስቃሴ ከክፍሉ አየር ጋር በሚገባ ስለሚያስተሳስር፣ በጥቂት ዋት ብዙ ድምፅ ይወጣል፤ ድራይቨሩም ብዙ መንቀሳቀስ ስለማያስፈልገው የድምፁ መዛባት ይቀንሳል። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን በግዝፈት ነው። በግምት ሲታሰብ፣ ክፍት ቦታ ላይ የቆመ ጡሩንባ የአፉ ዙሪያ ሊያሰማው ከሚገባው እጅግ ወፍራም ድምፅ የሞገድ ርዝመት ጋር መስተካከል አለበት። ለ300 ኸርዝ (በሴኮንድ 300 ጊዜ ለሚርገበገብ ድምፅ) 36 ሴንቲ ሜትር ያህል ዲያሜትር ይበቃል፤ ለ50 ኸርዝ ግን የሞገዱ ርዝመት ወደ 6.9 ሜትር ስለሚደርስ 2.2 ሜትር ዲያሜትር ያለው አፍ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ አፍ ሳሎን ውስጥ የሚገባ አይደለም።

መፍትሔው ከማዕዘን ይገኛል። ስፒከሩ ወለሉና ሁለቱ ግድግዳዎች በሚገናኙበት ማዕዘን ሲቀመጥ፣ ድምፁ የሚሰራጭበት ቦታ ወደ አንድ ስምንተኛ ስለሚጠብ የአፉ ስፋትም በዚያው መጠን ሊቀንስ ይችላል፤ በ50 ኸርዝ ምሳሌያችን ከ3.8 ካሬ ሜትር ወደ ግማሽ ካሬ ሜትር ገደማ ይወርዳል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፖል ክሊፕሽ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ ያመረተው ክሊፕሽሆርን የተባለ ስፒከር በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ሲሆን፣ የቤዙ ጡሩንባ በሣጥኑ ውስጥ ታጥፎ ግድግዳዎቹን እንደ መጨረሻ ክፍሉ አድርጎ ይጠቀምባቸዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ስፒከር የሚመርጥ ሰው በአንድ በኩል የሚገኙ፣ በርም ሆነ መስኮት ያላቋረጣቸው፣ ጠንካራ ግድግዳ ያላቸው ሁለት ማዕዘኖች ሊኖሩት ይገባል። እነዚህ ለሌሉት ሰው የምመክረው መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ በጡሩንባ፣ ቤዙን ደግሞ በተለመደው ሣጥን ውስጥ ባለ ትልቅ ዉፈር (የወፍራም ድምፅ ድራይቨር) የሚያሰማውን ዓይነት ነው። የጡሩንባ አፍቃሪዎች ይህን እንደ ሽንፈት ያዩት ይሆናል፤ ለእኔ ግን ለአብዛኛው ቤት ይህ የተሻለው ምርጫ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ሴንሲቲቪቲ የሚባለው ቁጥር ነው፤ ስፒከሩ በ1 ዋት ኃይል በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) እንደሚያሰማ ይናገራል። የ10 ዲሲቤል ልዩነት የአሥር እጥፍ የኃይል ልዩነት ስለሆነ፣ 87 ዲሲቤል ያለው ስፒከር በ50 ዋት የሚያሰማውን፣ 104 ዲሲቤል ያለው በ1 ዋት ያሰማዋል። ለዚህ ነው በአንድ 300ቢ ቲዩብ (የድሮ ዓይነት የመስታወት ማጉያ ቱቦ) የሚሠራ፣ 8 ዋት ገደማ ብቻ ያለው አምፕሊፋየር እንኳ ለእነዚህ ስፒከሮች የሚበቃው። ሆኖም በሌላ ስፒከር የማይሰማው የአምፕሊፋየሩ እሽታ፣ ማለትም እሽ የሚለው ድምፅም፣ አብሮ ይጎላል። ከመግዛት በፊት የራስን አምፕሊፋየር ወስዶ ማገናኘት፣ ሙዚቃ ሳይከፈት ከመቀመጫው ሆኖ ማዳመጥ ያስፈልጋል፤ እሽታው ከዚያ ከተሰማ አንድም ስፒከሩ፣ አንድም አምፕሊፋየሩ መለወጥ አለበት።

ሙዚቃው ሲከፈት በደንብ በሚታወቅ የሰው ድምፅና በፒያኖ መጀመር ይሻላል። ደካማ ጡሩንባ ዘፋኙን እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ የሚጣራ ያስመስለዋል፤ ከአፉ ጠርዝ ወደ ውስጥ የሚመለስ ድምፅ ለዚህ አንዱ ምክንያት ነው። ከዚያ ከሩቅ ተነሥቶ ቀስ በቀስ መቅረብ ነው፤ የላይኛውና የታችኛው ጡሩንባ ድምፅ ተለያይቶ መሰማት የሚጀምርበት ቦታ ላይ ርቀቱ ይለካል። ያ ርቀት በቤት ካለው የመቀመጫ ርቀት የሚበልጥ ከሆነ ስፒከሩ ለዚያ ክፍል አይሆንም። ቆሞም፣ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎም ማዳመጥ ይገባል፤ አንዳንድ ጡሩንባ ቀጭኑን ድምፅ በጠባቡ ስለሚወረውር ጥሩ የሚሰማው ለአንድ ሰው መቀመጫ ብቻ ነው።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ድምፁን ቀንሶ፣ ከወፍራም ወደ ቀጭን ቀስ እያለ የሚወጣ የሙከራ ቃና በየተራ በሁለቱም ስፒከሮች ያሰማ። መንጫጫት ወይም በግራና በቀኝ መካከል ጉልህ ልዩነት ከተሰማ ዳያፍራሙ (በድራይቨሩ ውስጥ የሚርገበገበው ስስ ሽፋን) ተጎድቶ ወይም ድምፁን ለየድራይቨሩ የሚያከፋፍለው የክሮስኦቨሩ ካፓሲተር የተባለ የኤሌክትሪክ ክፍል አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ካፓሲተር መለወጥ ቀላል ነው፤ ለአሮጌ ድራይቨር ትክክለኛውን ዳያፍራም ማግኘት ግን ከባድ ሊሆን ስለሚችል፣ መለዋወጫው መኖሩ ሳይረጋገጥ ገንዘብ መክፈል አይገባም።