ተማሪ ሳሉ በሊንክድኢን ሥራ መፈለግ፦ ከማስታወቂያው በፊት ሰዎቹን ማግኘት

በአገራችን ተመራቂዎች ዘንድ «ሰው ከሌለህ ሥራ አይገኝም» የሚለው አነጋገር የተለመደ ነው። አነጋገሩ እውነትነት የለውም ማለት አይቻልም፤ ብዙ የልምምድ ቦታዎችና የጀማሪ ቅጥሮች በጋዜጣም ሆነ በቴሌግራም ቻናል ከመውጣታቸው በፊት በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያሉ ሰዎች ያውቋቸዋል። ባለሙያዎችና ቀጣሪዎች የሚገናኙበት ሊንክድኢን የተባለው ድረ ገጽ ለተማሪ የሚሰጠው ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ አጎት ወይም የቤተሰብ ወዳጅ የሌለው ወጣት በሙያው ውስጥ የሚያውቀው ሰው እንዲኖረው ያደርጋል። ስለዚህ ገጹን ሲቪ እየላኩ መልስ ለመጠበቅ ብቻ የሚጠቀም ተማሪ ዋናውን ነገር አልነካውም።

መጀመሪያ ፕሮፋይሉን፣ ማለትም ስለ ራስ የሚገልጸውን ገጽ፣ ማስተካከል ያስፈልጋል። ብቻችሁን የተነሣችሁትና ፊታችሁ በግልጽ የሚታይበት ፎቶ ይበቃል። ከስም ሥር የምትገባው መግለጫ እስከ 220 ፊደላት ስለምትይዝ «ተማሪ» ወይም «ሥራ ፈላጊ» ብሎ ማለፍ ቦታ ማባከን ነው። ለምሳሌ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው «የ4ኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ፤ አውቶካድ፣ ሲቪል ስሪዲ፣ የቶታል ስቴሽን ቅየሳ፤ የልምምድ ቦታ እፈልጋለሁ» ብሎ ቢጽፍ፣ ቀጣሪው በእነዚህ የንድፍ ሶፍትዌሮችና የቅየሳ መሣሪያ ስሞች ሲፈልግ የማግኘት ዕድሉ ከፍ ይላል። ይህን በእንግሊዝኛ መጻፍ ይመረጣል፤ የሰው ኃይል ባለሙያዎች በአብዛኛው የሚፈልጉት በዚያ ቋንቋ ነውና። «ልምድ የለኝም» ብሎ የሥራ ልምዱን ክፍል ባዶ መተውም አይገባም። የሴሚስተር ፕሮጀክት፣ የክበብ ሒሳብ መያዝ፣ በክረምት ልጆችን ማስጠናት፣ ምን እንደተሠራ በዝርዝር እስከተገለጸ ድረስ ሁሉም ልምድ ነው። «በቡድን ሠርቻለሁ» የሚለው ለአንባቢው ምንም አይነግረውም፤ «ከአራት ተማሪዎች ጋር የመንገድ መስመር ቀይሰን፣ የመንገዱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳየውን ሥዕል እኔ በሲቪል ስሪዲ አዘጋጀሁ» የሚለው ግን ተማሪው ነገ ቢሮ ቢገባ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል።

በተለይ የእኛን ተማሪዎች የሚያስቸግሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ስም ነው፤ ስሞቻችን በላቲን ፊደል በብዙ መንገድ ስለሚጻፉ፣ በፕሮፋይሉ ላይ ያለው አጻጻፍ በስቱደንት ኮፒው ላይ ካለው ጋር አንድ ሊሆን ይገባል። ሁለተኛው ዓመተ ምሕረት ነው። ገጹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሚሠራ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ትምህርት የጀመረ ሰው 2021፣ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የጀመረ ደግሞ 2022 ብሎ መሙላት አለበት፤ እንዳለ 2014 ብሎ የሞላ ተማሪ ከአሥር ዓመት በላይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቆየ ሆኖ ይታያል።

ዩኒቨርሲቲያችሁን ስትሞሉም ስሙን ጽፋችሁ አትለፉ፤ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የተቋሙን ገጽ ምረጡ። እንዲህ ሲሆን በዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ ካሉት የቀድሞ ተማሪዎች ጋር ትመዘገባላችሁ። በእኔ ግምት ከሊንክድኢን አገልግሎቶች ሁሉ ለተማሪ የሚበልጠው፣ ብዙዎች ግን ከፍተውት የማያውቁት፣ ይህ የቀድሞ ተማሪዎች ዝርዝር ነው። ምን እንዳጠኑ፣ የት እንደሚኖሩና በየትኛው ድርጅት እንደሚሠሩ እየለየ ስለሚያሳይ፣ ከእናንተ ትምህርት ክፍል ወጥተው አዲስ አበባ ባሉ አማካሪ ድርጅቶች የገቡትን በጥቂት ደቂቃ ማግኘት ይቻላል። በ2022 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ፣ 20 ሚሊዮን ያህል የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው፣ ወደ አዲስ ሥራ ለመግባት ይበልጥ የሚረዱት የልብ ጓደኞች ሳይሆኑ በመጠኑ ራቅ ያሉ ትውውቆች ናቸው። የዶርም ጓደኛችሁ የሚያየው እናንተ የምታዩትኑ ማስታወቂያ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት የተመረቀችው ልጅ ግን እናንተ የማትሰሙትን ትሰማለች።

ለእንዲህ ያለ ሰው ሲጻፍ መልእክቱ አጭርና መልሱ የማያደክም መሆን አለበት፦

«ጤና ይስጥልኝ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የ4ኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። እርስዎም ከዚሁ ትምህርት ክፍል ተመርቀው በመንገድ ዲዛይን እንደሚሠሩ አይቼ ነው የጻፍኩልዎት። ከልምምድ በፊት የትኛውን ሶፍትዌር ጠንቅቄ ብይዝ ይሻላል ይላሉ?»

ይህ መልእክት ሥራ አይለምንም። «እባክዎ ሥራ ይፈልጉልኝ» የተባለ ሰው ማድረግ የማይችለውን ስለተጠየቀ ዝም ይላል፤ በሁለት መስመር የሚመለስ ጥያቄ የቀረበለት ግን ብዙ ጊዜ ይመልሳል። ሰውየው የሚበልጣችሁ በሁለት ዓመት ብቻ ቢሆንም «አንተ በለኝ» እስኪል ድረስ በእርስዎ መጻፍ ይሻላል። በነጻ አካውንት በወር ውስጥ ከግንኙነት ጥያቄ ጋር አያይዞ መላክ የሚቻለው መልእክት ጥቂት ስለሆነ ሰዎቹን አስቀድሞ መምረጥ ያስፈልጋል። መልስ ከመጣ አመስግናችሁ የተባላችሁትን አድርጉ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያደረጋችሁትን ነግራችሁ፣ በመሥሪያ ቤታቸው የልምምድ ተማሪዎችን የሚቀበለው የትኛው ክፍል እንደሆነ ጠይቁ። መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ አስታውሶ መተው ነው።

የሥራ ማስታወቂያዎቹን በተመለከተ፣ ቦታውን ኢትዮጵያ፣ ደረጃውን ልምምድ ወይም ጀማሪ አድርጎ ማሳወቂያ መክፈት በቂ ነው። ብዙ የአገር ውስጥ ድርጅቶች አሁንም ኢትዮጆብስ በተባለው የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽና በቴሌግራም ስለሚያወጡ እነዚያን መተው አይገባም። ማስታወቂያውን እዚያ ካያችሁ በኋላ ድርጅቱን ሊንክድኢን ላይ ፈልጋችሁ በዚያ ክፍል የሚሠራ የዩኒቨርሲቲያችሁ ተመራቂ መኖሩን አረጋግጡ፤ ካለ፣ ከማመልከታችሁ በፊት ስለ ሥራው ጠይቁት። በማስታወቂያ ሥር «ኢንተረስትድ» ብሎ መጻፍ ግን ማመልከት አይደለም፤ መቶ ሰው በተሰለፈበት የአስተያየት መስመር ማንንም ለይቶ የሚያነብ የለም።

በመጨረሻ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። ለምዝገባ፣ ለሥልጠና ወይም ለዩኒፎርም ብሎ በቴሌብር ገንዘብ እንድትልኩ የሚጠይቅ ቀጣሪ፣ የታወቀ ድርጅት አርማ ቢለጥፍም እንኳ፣ አጭበርባሪ ነው ብላችሁ ውሰዱት። የጻፈላችሁ ሰው ገጹን መቼ እንደከፈተ በፕሮፋይሉ መረጃ ውስጥ ይገኛል፤ ባለፈው ወር የተከፈተና አንድም የሥራ ባልደረባ የማይታይበት ከሆነ፣ መታወቂያችሁንና ስቱደንት ኮፒያችሁን ከመላካችሁ በፊት ወደ ድርጅቱ ቢሮ ደውላችሁ አጣሩ።