ስክሪን ፕሪንት ስትገዙ ከቁጥሩ በፊት ቀለሙን እዩ

በተወሰነ ቅጂ የታተመ ስክሪን ፕሪንት ልትገዙ ነው? ወረቀቱን ወደ መስኮት ብርሃን አዘንብሉት። እውነተኛው ላይ ቀለሙ ወፈር ብሎ ወረቀቱ ላይ ተኝቶ ይታያል። ስክሪን በሚባለው የተወጠረ ስስ ጨርቅ ውስጥ፣ ስኩዊጂ በሚባለው የጎማ መጥረጊያ ተገፍቶ ነዋ የወረደው! ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ስክሪን ስላለው፣ ሁለት ቀለም የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ አንዱ በሌላው ላይ ትንሽ ተደርቦ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ቀጥሎ ማጉያ መነጽር። ወጥ መሆን ያለበት ቀለም ውስጥ ሰማያዊ፣ ሮዝና ቢጫ ነጠብጣብ ከታያችሁ ተራ የማሽን ህትመት ነው ማለት ነው። ከፎቶ የተሠራው ክፍል ላይ ግን ነጥብ ቢኖር አትደንግጡ፤ በስክሪን ፕሪንት የታወቀው አሜሪካዊ አርቲስት የአንዲ ዋርሆል ሥራዎችም አላቸው።

አሁን ወደ ቁጥሩ፦ ህትመቱ ላይ 12/50 ተብሎ ከተጻፈ፣ ከ50 ቅጂ ቁጥር 12 ማለት ነው። ቁጥሩ ስላነሰ ብቻ ዋጋ ጨምሩ ቢሏችሁ እሺ አትበሉ፤ የታተመበትን ተራ ላያሳይ ይችላል።

ጀርባውንም እዩ። ዋርሆል እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተማቸው 10 የማሪሊን ሞንሮ ምስሎች እያንዳንዳቸው በ250 ቅጂ ወጥተዋል፤ ፊርማውም ቁጥሩም ከኋላ ነው። ፍሬም ውስጥ ከሆነ ይፈታልኝ በሉ። ሻጩ ካቅማማ፣ ተዉት።