በሌዘር መሣሪያ የውኃን ቅንጣት በትክክል ለመቁጠር

ክረምት ላይ ጎንደር ከሚገኘው ከአንገረብ ግድብ የተቀዳ ውኃ ድፍርስ መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሌዘር ቆጣሪ የሚያስፈልገው ተጣርቶ ለዐይን ኩልል ብሎ የሚታየውን ውኃ ለመመርመር ነው። ውኃው በጠባብ የመስታወት ቱቦ ሲያልፍ ጨረር ያቋርጠዋል፤ ውኃው ውስጥ ያለ ደቃቅ ቅንጣት ጨረሩን በጋረደ ቁጥር ተቀባዩ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ለቅጽበት ይቀንሳል። የቅናሹ መጠን የቅንጣቱን ትልቅነት፣ የቅናሾቹ ብዛት ደግሞ ቁጥሩን ያመለክታል።

የናሙናውን ጠርሙስ በ0.22 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ማጣሪያ ባለፈ ውኃ ደጋግመው ያለቅልቁት እንጂ በጨርቅ አያድርቁት። ከጋቢና ከነጠላ የሚረግፍ ክርም ስለሚቆጠር ጋወን ደርበው ይሥሩ። ከናሙናው በፊት ያንኑ የተጣራ ውኃ አስገብተው ይቁጠሩ፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ቆሻሻው ከዕቃው ወይም ከክፍሉ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው አረፋ ነው፤ መሣሪያው አረፋን ከአሸዋ አይለይም። ቀዝቃዛ ውኃ ሲሞቅ የሟሟው አየር ይወጣል። አንድ ጊዜ ናሙና ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ወዲያው በማስገባቴ ቁጥሩ ቢያሻቅብ፣ ደኅናውን ማጣሪያ በከንቱ ቀይሬአለሁ። ስለዚህ ናሙናው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠብቁ፤ ከዚያ ሳይንጡ 20 ጊዜ ያህል በዝግታ ይገልብጡትና 2 ደቂቃ ያሳርፉት። ከዚያ በላይ ከቆየ ግን ከባዱ ቅንጣት ይዘቅጣል።

በ5 ሚሊ ሊትር አራት ጊዜ ይቁጠሩ፤ የመጀመሪያውን ጥለው የሦስቱን አማካይ ይውሰዱ። የአሜሪካ ፋርማኮፒያም (የመድኃኒት ጥራት ደረጃዎች መጽሐፍ) ለመርፌ መድኃኒቶች የሚያዝዘው ይህንኑ ነው። ሦስቱ ቁጥሮች በተከታታይ እየወረዱ ከሄዱ አረፋው ገና እየወጣ ወይም ቅንጣቱ እየዘቀጠ ስለሆነ እንደገና ይጀምሩ።

ቅንጣት የበዛበት ውኃ በተቃራኒው ያታልላል፤ ሁለት ቅንጣቶች ጨረሩን እኩል ካቋረጡ እንደ አንድ ስለሚቆጠሩ ቁጥሩ ከእውነቱ ያንሳል። ለማረጋገጥ አንዱን እጅ ናሙና በዘጠኝ እጅ የተጣራ ውኃ አቅጥነው ይቁጠሩና በ10 ያባዙ፤ ውጤቱ ካልቀጠነው በጣም ከበለጠ ትክክለኛው የቀጠነው ነው።

መዝገቡ ላይ ቁጥሩን ከነመጠን ወሰኑ፣ ለምሳሌ «በሚሊ ሊትር፣ 10 ማይክሮንና ከዚያ በላይ» ብለው ይጻፉ። ይህ ቁጥር የጀርም ምርመራን አይተካም፤ አንድ ማይክሮን አካባቢ የሆነ ባክቴሪያ ከብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ቆጣሪዎች ያመልጣል። ሲጨርሱ ቱቦውን በተጣራ ውኃ ያጥቡት፤ ናሙና ውስጡ ከደረቀ መስታወቱ ላይ የሚቀረው እድፍ የነገውን ቆጠራ ያበላሻል።